ያብባል፣ አያፈራም፦ የጓሮ ጊሽጣ የሥራ ማስታወሻ ከኮምቦልቻ

ጥር፦ ዛፉን መለየት

ግቢያችን ውስጥ ሁለት ትልልቅ ጊሽጣዎች አሉ። ቦታው ከቦርከና ወንዝ ብዙ አይርቅም፣ ከፍታውም 1,850 ሜትር ገደማ ነው። ዛፎቹ በየዓመቱ በአበባ ይሸፈናሉ። ፍሬ ግን በጣት የሚቆጠር ነው፣ እሱም አንድ ጎኑ ያበጠ፣ ሌላው ጎኑ የተጨማደደ። ጎረቤታችን እማማ በአጥር በኩል ባዩኝ ቁጥር «ልጄ፣ ይኼ እኮ ወንድ ጊሽጣ ነው፤ ቁረጠውና አቮካዶ ትከልበት» ይሉኛል።

ሐሳባቸው ከፓፓያ የመጣ ነው። ፓፓያ እውነትም ወንዱ ዛፍ ለብቻ፣ ሴቷ ለብቻ አላቸው። ጊሽጣ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ስለዚህ መጥረቢያ ከማንሳቴ በፊት ዛፉ ምን ዓይነት ተፈጥሮ እንዳለው ላጥና አልኩ። ማስታወሻውንም እየሠራሁ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ የትኛው ጊሽጣ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ጊሽጣ ሁሉ አኖና ከሚባለው ጂነስ (የተቀራረቡ ዝርያዎች ወገን) ነው። ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 የሰየመው ነው፣ ከ150 በላይ ዝርያዎች አሉት። አብዛኞቹ የመካከለኛውና የደቡብ አሜሪካ ተወላጆች ናቸው። አፍሪካዊም አለው፦ አኖና ሴኔጋለንሲስ የሚባለው ትንሽ የዱር ዛፍ በምዕራቡ ቆላችን ይበቅላል፣ ፍሬው ሲበስል ብርቱካናማ ይሆናል።

በየጓሮው የምናገኛቸውን ለመለየት ፍሬ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ቅጠሉን ገልብጦ በአውራ ጣት መዳሰስ ይበቃል። የኔዎቹ ቅጠል ጀርባው እንደ ከፋይ ጨርቅ ለስላሳ ጸጉር አለው። ይኼ የአኖና ቼሪሞላ ምልክት ነው፣ ቼሪሞያ የሚሉት። አኖና ስኳሞሳ ቅጠሉ ጠበብ ያለና ጸጉር የለሽ ሊባል የሚችል ነው፣ ፍሬውም ጉብታ ጉብታ ሆኖ ሲበስል በእጅ ይፈራርሳል። አኖና ሬቲኩላታ ፍሬው ለስላሳ ቆዳ ያለው ሆኖ ቀላ ይላል፣ ላዩ ላይ መረብ የመሰለ መስመር አለ። አኖና ሙሪካታ ደግሞ ሳወርሶፕ የሚባለው ነው። ቅጠሉ ያብለጨልጫል፣ ሲጨፈለቅ ይሸታል፣ ፍሬው እሾሃማ ነው።

ሁሉም የሚጋሩት ነገርም አለ። ቅጠሎቹ ቅርንጫፉ ላይ ግራና ቀኝ እየተፈራረቁ በሁለት ረድፍ ይወጣሉ። ጠርዛቸው ጥርስ የለውም። ቅርፊቱ ሲላጥ ረጅም ቃጫ ሆኖ ነው የሚወርደው፣ ጠንካራ ነው፣ እኔ ችግኝ አስሬበታለሁ።

ዝርያውን ማወቁ ለከንቱ አይደለም። ቼሪሞያ የደጋማ አገር ፍሬ ነው፣ በአንዲስ ተራሮች ሸለቆዎች ውስጥ ከጥንት ጀምሮ የሚበላ። ቀዝቀዝ ያለ አየር ይወዳል፣ ውርጭ ግን አይችልም። ኮምቦልቻ ልኩ ነው ማለት ነው። ስኳሞሳና ሙሪካታ ሙቀት ይፈልጋሉ፣ እነሱን መትከል የሚያምር ወደ ሐርቡና ወደ ባቲ ወረድ ሲሉ ነው። ስለዚህ የኔ ዛፎች ችግራቸው የአየር ጠባይ አይደለም። አንድ ጥርጣሬ ተወገደ።

የካቲት፦ የተደበቀው ቡቃያ

በጋው ሲጠና ዛፎቹ ከቅጠላቸው ግማሽ ያህሉን አራገፉ፣ የቀረው ቢጫ ሆኖ እንደተንጠለጠለ ነው። ለመግረዝ ጥሩ ሰዓት ነው። የመግረዣ መቀስ 950 ብር ገዛሁ። ቀደም ሲል በቆንጨራ ነበር የምንቆርጠው፣ ቆንጨራ ግን ጫፉን ይሰነጥቀዋል፣ ከዚያ እየደረቀ ወደ ታች ይወርዳል።

እዚህ ላይ ይኼ ዛፍ አንድ አስገራሚ ጠባይ አለው። በሌላ ዛፍ፣ ለምሳሌ በኮክ፣ ቡቃያው ከቅጠሉ ብብት ውስጥ ተቀምጦ በዓይን ይታያል። ቼሪሞያ ላይ ብትፈልጉ አታገኙትም። የቅጠሉ አንገት ከቅርንጫፉ ጋር የሚገናኝበት ጫፍ ውስጡ ክፍት ነው፣ ቡቃያው እዚያ ውስጥ ተሸፍኖ ነው ያለው። ቅጠሉን ወደ ታች ጎተት አድርጌ ሳወልቀው ከሥሩ ቡናማ ጸጉር የለበሰች ትንሽ ጉብታ ብቅ አለች፣ ዙሪያዋን ቅጠሉ የተነቀለበት ጠባሳ ከቧታል። በአጉሊ መነጽር ሳያት ብቻዋን አይደለችም፣ አጠገቧ ሌሎች የተደራረቡ አሉ። አንዷ ብትሰበር ሌላዋ ትተካለች።

ይኼ ለሥራው ትልቅ ትርጉም አለው። ቅጠሉ እስካልወረደ ድረስ ቡቃያው እንደታፈነ ነው። ቅጠሉን በእጅ ካራገፉት ቡቃያው ይነሳል፣ አበባ ደግሞ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በአዲሱ ቀንበጥ ግርጌና ባለፈው ዓመት እንጨት ላይ ነው። ስለዚህ አንዱን ዛፍ ገርዤ የቀረውን ቅጠል በሙሉ በእጄ አራገፍኩት፣ ሁለተኛውን ለማነጻጸሪያ ገርዤ ብቻ ተውኩት። የገረዝኩት መሃሉን ለመክፈትና ቁመቱን ለማሳጠር ነው። አበባው ላይ በእጅ ለመሥራት ካሰብኩ፣ መሰላል ላይ ተንጠልጥዬ አልችልም።

አንድ ነገር ለሚሞክር ሰው፦ ቅጠሉን ወደ ላይ ከጎተቱት ቡቃያውን ይዞት ይመጣል። ወደ ታች ነው የሚጎተተው፣ ቀስ ብሎ።

መጋቢት፦ አበባውን መፍታት

በልጉ ዘነበ፣ ብዙ አይደለም፣ ግን አፈሩን አረጠበው። ቅጠሉን ያራገፍኩት ዛፍ ከሌላው ቀድሞ አቆጠቆጠ። ልዩነቱ ከቤት መስኮት ሆኖ ይታያል፣ አንዱ አረንጓዴ ሌላው ገና ቢጫ።

ከዚያ አበባው መጣ። የጊሽጣን አበባ ብዙ ሰው አያስተውለውም፣ ምክንያቱም አበባ አይመስልም። ቁልቁል የተንጠለጠለ፣ አረንጓዴ ወደ ቡናማ የሚያደላ፣ ወፈር ያለ ነገር ነው። ቀለም የለው፣ ንብ አትመጣበት። ጠጋ ብሎ ላሸተተው ግን የበሰለ ፍራፍሬ ጠረን አለው።

አንዱን ቆርጬ ጠረጴዛ ላይ በምላጭ ፈታሁት። ከውጭ ሦስት ትንንሽ ሽፋኖች አሉ። ቀጥለው ሦስት ወፋፍራም ሥጋማ የአበባ ቅጠሎች፣ እያንዳንዳቸው ወደ ሦስት ሴንቲ ሜትር የሚጠጉ፣ ከውጭ ጸጉራም፣ ከውስጥ ነጣ ያሉ፣ ግርጌያቸው ላይ ሐምራዊ ነጠብጣብ ያላቸው። ከነሱ ውስጥ ሌሎች ሦስት አሉ፣ ግን ቅርፊት የሚያክሉ ሆነው ቀርተዋል። መሃሉ ላይ ሾጠጥ ያለች ትንሽ ኮረብታ አለች። የኮረብታዋ አናት በሙሉ እርስ በርስ የተጠጋጉ የሴት አካላት ናቸው። ከሥር እንደ መቀነት የከበቧት ደግሞ የወንዴዎቹ ናቸው፣ ብዙና ጥቅጥቅ ያሉ፣ ነጭ የሩዝ ፍሬ የሚመስሉ።

ወንድና ሴት በአንድ አበባ ውስጥ ናቸው ማለት ነው። ለእማማ ይዤ ሄጄ አሳየኋቸው። «እማማ፣ ይኸው አንቱ ወንድ ነው ያሉት ዛፍ፣ ሴትም አለበት» አልኳቸው። ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት አድርገው አዩና «ታዲያ ሁለቱም ካሉ ምን ሆኖ ነው የማያፈራው?» አሉኝ። ትክክለኛው ጥያቄ እሱ ነው።

ሚያዝያ፦ ሰዓቱን መያዝ

መልሱ ሰዓቱ ነው። ሁለቱ በአንድ አበባ ቢኖሩም በአንድ ጊዜ አይነቁም።

ያየሁት እንዲህ ነው። ቅርንጫፎች ላይ ቀይ ክር እያሰርኩ የተወሰኑ አበቦችን ጠዋት ማታ ተከታተልኩ። አበባው መጀመሪያ ሲከፈት ሦስቱ ወፋፍራም ቅጠሎች በጥቂቱ ነው የሚላቀቁት፣ ጣት አያስገቡም። በዚህ ጊዜ ሴቷ ነች የምትሠራው። የኮረብታዋ አናት እርጥብ ነው፣ በፀሐይ ያብለጨልጫል፣ ብትነካው ይጣበቃል። ከሥር ያሉት የወንዴ ክፍሎች ግን ነጭና ጥብቅ ናቸው፣ ፖለን የሚባለውን የአበባ ዱቄት አይሰጡም። በዚህ ሁኔታ ያድራል። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ቅጠሎቹ በርግድ ብለው ይከፈታሉ። አሁን የሴቷ አናት ደርቋል። ወንዴዎቹ ላላ ብለው ክሬም ቀለም ይይዛሉ፣ ስትነካቸው ከነፖለናቸው ይረግፋሉ። የአንድ አበባ ወንድነት የሚጀምረው ሴትነቱ ካለፈ በኋላ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ዛፍ ላይ ያሉት አበቦች አብዛኛውን ጊዜ አብረው ነው የሚለዋወጡት። ስለዚህ አንዱ ሴት ሲሆን አጠገቡ ወንድ የሆነ ማግኘት ይከብዳል። በተፈጥሮ ይኼን ክፍተት የሚሞሉት ጥቃቅን ጢንዚዛዎች ናቸው። በጠረኑ ተስበው በጠባቧ ክፍተት ይገባሉ፣ እዚያው ይውላሉ ያድራሉ፣ አበባው ወንድ ሲሆን ፖለን ተለውሰው ወደ ሌላ ይሄዳሉ። ንብ ለዚህ አበባ አትሆንም። የኔ ጓሮ ውስጥ ግን ብዙ አበባ ከፍቼ ጢንዚዛ ያገኘሁት በጥቂቱ ብቻ ነው። የተጨማደደው ፍሬም ከዚህ ነው የመጣው፣ ጥቂት ፖለን አንድ ጎን ላይ ብቻ ሲያርፍ።

ስለዚህ የጢንዚዛውን ሥራ እኛ እንሥራው። ቼሪሞያን ለገበያ በሚያመርቱ አገሮች፣ በስፔንም በካሊፎርኒያም፣ ፖለኑን በእጅ መቀባት የተለመደ ነው።

ዕቃው ይኼ ነው፦ ለስላሳ ጸጉር ያለው ትንሽ የቀለም ቡሩሽ፣ ከጽሕፈት መሣሪያ ቤት 40 ብር። ወረንጦ ቤት ውስጥ ነበር። ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ክዳን ያለው። ነጭ ወረቀት። ክር በሁለት ቀለም። በቃ፣ ሌላ ወጪ የለውም።

አሠራሩን ለማስተካከል ጊዜ ወስዷል። መጀመሪያ ቀትር ላይ ነበር የምንቀባው፣ እህቴና እኔ፣ ምክንያቱም እሷ ከሥራ ለምሳ የምትመጣው ያኔ ነው። ከነዚያ አበቦች ፍሬ የያዘ የለም ማለት ይቻላል። ቀትር ላይ አየሩ ደረቅ ነው፣ የሴቷ አናት ላይ ያለው እርጥበት ይደርቃል፣ ፖለኑ ቢያርፍም አይበቅልም። ቀጥሎ ፖለኑን አመሻሽ ሰብስበን ወዲያው እዚያው ምሽት ቀባን። ከቀትሩ ይሻላል፣ ግን ያኔ የምታገኙት ሴት አበባ ጥቂት ነው።

የሠራልን ይኼ ነው። አመሻሽ ላይ በርግድ ብለው የተከፈቱትን አበቦች እንለቅማለን። ወረቀት ላይ አድርገን በቡሩሹ ስናራግፍ ወንዴዎቹ ከነፖለናቸው ይወርዳሉ። ወረቀቱ ለጥቂት ጊዜ ጥላ ውስጥ ይቆያል፣ ከዚያ ብልቃጥ ውስጥ ገብቶ ፍሪጅ ውስጥ ያድራል፣ በረዶ የሚሠራው ክፍል ሳይሆን ታችኛው በኩል። ጠዋት ፀሐይ ሳይከር፣ ገና ቅዝቃዜው ሳይለቅ፣ በጥቂቱ የተላቀቁትን አበቦች እየፈለግን አንዱን የአበባ ቅጠል በጣት ገፋ አድርገን ቡሩሹን እናስገባና የኮረብታዋን ዙሪያ በሙሉ እናዞረዋለን። ዙሪያውን በሙሉ የሚለው ነው ዋናው። አንድ ጎን ብቻ ከተነካ ፍሬው ጠማማ ይሆናል። ፖለኑ ማግስቱን ከዘለለ አቅሙ ይደክማል፣ ስለዚህ ማጠራቀም የሚባል ነገር የለም። መብራት የጠፋ ዕለት ብልቃጡን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን እንስራ አጠገብ አሳድረነዋል። ያም ሠርቷል።

አበባው ላይ ቀይ ክር ማለት በእጅ የተቀባ ነው፣ ጥቁር ክር ማለት ለማነጻጸሪያ የተተወ።

ግንቦት፦ የያዘና የረገፈ

ሙቀቱ ከበደ። ያልያዘ አበባ ቶሎ ያስታውቃል፦ የአበባው አንገት ቢጫ ይሆንና በጣት ሲነካ ይወድቃል። የያዘው ደግሞ መጀመሪያ ምንም አይመስልም፣ አረንጓዴ ጉብታ ሆኖ ዝም ብሎ ይቀመጣል። አትቸኩሉ፣ እህቴ ሞቷል ብላ ልትጥላቸው ነበር። ከዚያ በድንገት ማበጥ ይጀምራሉ።

ቀይ ክር ያላቸው ብዙዎቹ ይዘዋል፣ ጥቁር ክር ካላቸው ያዘ የሚባለው እዚህም እዚያም አንድ ነው። እማማን ጠርቼ አሳየኋቸው። ክሩን እየነኩ ከቆዩ በኋላ «አብሽር፣ እጅህ ተባርኳል፤ የኔንም ና ቀባልኝ» አሉ። የሳቸው ጊሽጣ ከአጥሩ ማዶ ነው፣ ያም እንዲሁ የሚያብብና የማያፈራ።

ፍሬ ከያዘ በኋላ ችግሩ ውሃ ነው። ግንዱ ሥር ደረቅ ሣርና የማሽላ አገዳ ጎዘጎዝኩ፣ ግንዱን እንዳይነካ ክፍት ቦታ ትቼ። የጊሽጣ ሥር ብዙው ላይኛው አፈር ላይ ነው የሚዘረጋው፣ ስለዚህ ዙሪያውን በዶማ መኮትኮት ይጎዳዋል። የበሰበሰ ፍግ ከላይ አልብሼ ተውኩት፣ በጆንያ 100 ብር።

ሌላው ጉንዳን ነው። ጉንዳን በግንዱ ላይ ሲመላለስ ካያችሁ ፍሬው ግርጌ ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ተባይ ፈልጉ። ጣፋጭ ፈሳሹን ስለሚወዱት ጉንዳኖቹ ይጠብቁታል። በሳሙና ውሃና በአሮጌ የጥርስ ቡሩሽ አጠብኩት። ግንዱ ላይ ላስቲክ ጠቅልዬ ግራሶ ቀባሁ፣ ግራሶው ቅርፊቱን እንዳይነካ ላስቲኩ ግድ ነው። ጉንዳኑ ሲቆም ተባዩም ቀነሰ።

ሰኔ፦ ችግኝ

ባለፈው ዓመት ከነበሩት ፍሬዎች ያስቀመጥኩት ዘር ነበር። የጊሽጣ ዘር ጥቁር፣ ጠንካራ፣ የሚያንሸራትት ነው። አንዱን ለሁለት ሰንጥቄ ሳየው ውስጡ ያለው ነጭ ምግብ ወጥ አይደለም፣ ከቅርፊቱ እየገቡ የሚከፋፍሉት ቡናማ መስመሮች አሉ። ይኼ የአኖናና የቤተሰቡ በሙሉ ጠባይ ነው።

ለብ ባለ ውሃ አሳድሬ በችግኝ ፕላስቲክ ዘራሁ። ለመብቀል ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል፣ ቀዝቃዛ ከሆነ ከዚያም ይበልጣል። ከዘር የበቀለ ለፍሬ ቢያንስ ሦስትና አራት ዓመት ያስጠብቃል፣ ፍሬውም እንደ እናቱ ላይሆን ይችላል። ጥሩ ዛፍ የሚፈልግ ሰው ግራፍት ማድረግ፣ ማለትም የጥሩውን ዛፍ ቅርንጫፍ ችግኝ ላይ መቀጠል፣ ነው ያለበት።

ዘሩ የበቀለባቸው ፕላስቲኮች ጠባብና አጭር ነበሩ። ዋናው ሥር ቁልቁል በፍጥነት ስለሚሄድ ታች ደርሶ ይጠቀለላል። ወደ ረጃጅሞቹ አዛወርኳቸው።

ሐምሌና ነሐሴ፦ ዝናብ

ብዙ የሚጻፍ የለም። የሚሠራው ውሃ ማስወጣት ብቻ ነው። የግቢያችን ታችኛው ጥግ ዋልካ ነው፣ ክረምት ላይ ውሃ ያቁራል። ቼሪሞያ ውሃ የተኛበት ሥር አይወድም፣ ይበሰብሳል። እዚያ የነበረው አንድ ወጣት ዛፍ ቅጠሉ ገረጣ፣ ቦይ ቀደድኩለት፣ ግን አልዳነም። ስነቅለው ሥሩ ቡናማ ሆኖ ቆዳው በጣት ይላጣል። ከዚህ በኋላ እዚያ ጥግ የምተክል ከሆነ ግማሽ ሜትር የሚሆን ጉብታ አፈር ከምሬ ነው።

በዚህ ጂነስ ውስጥ ረግረግ የሚወድም አለ፣ አኖና ግላብራ። በውሃ ውስጥ ቆሞ ይኖራል፣ ጨዋማውንም ይችላል። በሌላ አገር እርጥብ መሬት ላይ ለግራፍት ሥር አድርገው ሞክረውታል። አውስትራሊያ፣ ኩዊንስላንድ ውስጥ ግን ከቁጥጥር ውጭ ወጥቶ የረግረጉን ዛፍ ሁሉ እያጠፋ ስላስቸገረ በአረምነት ተፈርጇል። እኔ ቢሰጡኝም ከቦርከና ዳር አልተክለውም።

መስከረም፦ የደሴው ዛፍ

አጎቴ ደሴ ነው የሚኖረው፣ ጦሳ ተራራ ሥር። እሱም ቼሪሞያ አለው፣ ከኛው ዛፍ ዘር የበቀለ። የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ሲደረስ ከፍታው ወደ 2,500 ሜትር ይጠጋል፣ ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም አየሩ ሌላ ነው። ዛፉ በቁመት ከኛዎቹ ግማሽ አይሞላም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ሲወርድ የላይኞቹ ቀንበጦች ጫፋቸው ይጠቁራል።

ግን አንዱ ጎን ደህና ነው። ድንጋይ ግድግዳው አጠገብ ያለው ጎን፣ ቀን ሙሉ ፀሐይ የሚመታው። ግድግዳው ሌሊት ሙቀቱን ይሰጠዋል። አጎቴ ይኼን ሳያስብ ነው የተከለው፣ ቦታው ግን ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ያሳየሁት ቅጠል ማራገፉንና ቡሩሹን ነው፣ ግን ጊዜውን ዘግይቶ እንዲያደርገው ነው የመከርኩት፣ ውርጩ ፈጽሞ ካለፈ በኋላ። ቀድሞ ያቆጠቆጠ ለምለም ቀንበጥ በአንድ ሌሊት ይቃጠላል።

ጥቅምትና ኅዳር፦ ለቀማ

በሚያዝያ የተቀቡት በጥቅምት አጋማሽ መድረስ ጀመሩ። ለቼሪሞያ ከአምስት እስከ ስምንት ወር የተለመደ ነው። መድረሱ የሚታወቀው በቀለም ነው፦ ደማቁ አረንጓዴ ወደ ፈዘዝ ያለ ቢጫማ አረንጓዴ ይዞራል፣ ላዩ ላይ ያሉት መስመሮች ይሰፋሉ። ዛፍ ላይ እስኪለሰልስ መጠበቅ አያስፈልግም። ገና ጠንካራ ሳለ ተቆርጦ ቤት ውስጥ በጥቂት ቀናት ይበስላል። ቶሎ ከተቆረጠ ግን ይለሰልሳል እንጂ አይጣፍጥም። ገና ያልበሰለውን ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት ደግሞ ቆዳውን ያጠቁረዋል፣ ብስለቱም ይቆማል።

ቀይ ክር የነበረውና ጥቁር ክር የነበረው ፍሬ ጎን ለጎን አስቀምጬ ለሁለት ቆረጥኳቸው። የጊሽጣ ፍሬ አንድ ፍሬ ይምሰል እንጂ የብዙ ፍሬዎች ድምር ነው። መጋቢት ላይ ያየኋቸው እነዚያ የተጠጋጉ የሴት አካላት እያንዳንዳቸው ለብቻ ፖለን ተቀብለው፣ ለብቻ ዘር ይዘው፣ ለብቻ ካበጡ በኋላ ተጣብቀው አንድ ሆነዋል። ላዩ ላይ የሚታየው እያንዳንዱ ቅርፊት የአንዷ ድርሻ ነው። በቡሩሽ ዙሪያውን የተነካው ፍሬ ዘሩ በሁሉም በኩል እኩል ተሰራጭቷል፣ ቅርጹም ልብ የመሰለ ሙሉ ነው። ያልተነካው አንድ ጎኑ ላይ ብቻ ዘር አለው፣ በተጨማደደው በኩል ባዶ ነው፣ ሥጋውም ጠንካራና ጣዕም የለሽ። ዘር የሌለበት ሥጋ አልሞላም። የዓመቱን ሥራ በአንድ ቢላዋ ማየት የሚቻለው እዚህ ላይ ነው።

ሥጋው ነጭ፣ ቅባት ያለው ለስላሳ ነው። ሕፃናቱ በማንኪያ ጨረሱት።

አሁን አንድ ማስጠንቀቂያ፣ በተለይ ልጆች ላሉበት ቤት። ዘሩ አይበላም። በሙሉው ቢዋጥ ብዙ ጊዜ ሳይፈጭ ይወጣል፣ ተፈጭቶ ወይም ተሰባብሮ ከሆነ ግን መርዝ ነው። የዱቄቱ ብናኝ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል። በብዙ አገር ለቅማል ማጥፊያ ሲጠቀሙበት ዓይናቸው የተጎዳ አሉ፣ እዚህም ለቅማል የሚያደርገው ካለ ይተወው። ጁስ ስትፈጩ ዘሩን አንድ በአንድ አውጡ፣ ከነዘሩ ማሽን ውስጥ አታስገቡ። ቅጠሉንም ለመድኃኒት ብሎ በየቀኑ አፍልቶ መጠጣት ጥሩ አይደለም። በካሪቢያኗ ጓድሎፕ ደሴት ለተለመደው የፓርኪንሰን መድኃኒት በደንብ የማይመልስ እንቅጥቅጥ በሽታ በዝቶ ተገኝቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ጥናት የሳወርሶፕን ፍሬና የቅጠሉን ሻይ አዘውትሮ ከመውሰድ ጋር አያይዞታል። በእነዚህ ተክሎች ውስጥ ያለው አኖናሲን የሚባል ንጥረ ነገር የነርቭ ሕዋስን እንደሚጎዳ በላቦራቶሪ ታይቷል። ወቅቱ ሲደርስ ሥጋውን መብላትና ቅጠሉን እየጠጡ መክረም አንድ አይደሉም፣ ለየብቻ እንያቸው።

ወደ እማማ ዛፍ ስንመለስ፣ ቀብተንላቸው ከያዙት ውስጥ ትልቁን ለልጅ ልጃቸው ላኩት። ስለ ወንድ ዛፍ የሚያነሱት ነገር አሁን የለም። ይልቅ «የካቲት ሲገባ ቅጠሉን መቼ ነው የምናራግፈው?» ነው የሚሉኝ።

ኅዳር መጨረሻ፦ የሚቀጥለው

ግራፍት ላይ ልግባ ነው። ሰኔ ላይ የዘራኋቸው ገና ቀጫጭን ናቸው፣ እርሳስ እስኪያክሉ መጠበቅ አለባቸው። ላዩ የሚሆነው ቅርንጫፍ የሚቆረጠው ዛፉ ቅጠል ሲጥል፣ ቡቃያው ሳይነሳ ነው። ከሳምንት በፊት ቅጠሉን ብቻ ቀንጥቦ ቅርንጫፉን ዛፉ ላይ መተው ይመከራል፣ ያ የተደበቀው ቡቃያ እንዲያብጥ። ከዚያ ቆርጦ በእርጥብ ጋዜጣና በፌስታል መጠቅለል።

ከቆላ የስኳሞሳ ቅርንጫፍ የሚያመጣልኝ ሰው አግኝቻለሁ። ስኳሞሳና ቼሪሞላ ይዳቀላሉ። እ.ኤ.አ. በ1908 ማያሚ ውስጥ ፒ. ጄ. ዌስተር የሚባል ሰው ነው ሁለቱን አስቦ ያዳቀላቸው፣ አተሞያ የሚባለው ፍሬ ከዚያ የመጣ ነው። እኔ ለማዳቀል ሁለቱ ዛፎች በአንድ ሰሞን ማበብ አለባቸው። የስኳሞሳው ቅርንጫፍ የቼሪሞያው ዛፍ ላይ ከያዘ ፖለኑን ከሌላ ከተማ ማመላለስ ይቀራል።

የሚገዛው፦ የግራፍት ቢላዋ፣ ካልተገኘ አዲስ ምላጭና አልኮል። ለማሰሪያ የፌስታል ቁራጭ በቂ ነው። አዲስ ቡሩሽም ያስፈልጋል፣ የአምናው ጸጉሩ ረግፏል። ዋልካው ጥግ ላይ ጉብታውን ከጥር በፊት መጨረስ አለብኝ፣ አፈር የሚያመጣ ጋሪ አነጋግሬአለሁ።